የማርክ ስፒትዝ ሰባት ወርቅ ዛሬ ስንት ያወጣል?

ገንዳ ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ በሳምንት አራት ቀን ይዋኛል። ዛሬ ከልምምድ ሲመለስ በስልኩ አንድ የቆየ ምስል ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «አጎቴ፣ ይህ ሰውዬ መነጽር አላደረገም፣ ቆብ የለውም፣ ጢሙንም አልተላጨም። እውነት ሻምፒዮን ነበር?» አለኝ። ሰውየው አሜሪካዊው ዋናተኛ ማርክ ስፒትዝ ነው፤ ቦታው የሙኒክ ኦሎምፒክ፣ ዓመቱ 1972። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ክብረ ወሰን የሚመዘገበው በዚያ ስለሆነ።)

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ አሥር ካልመለስኩ አይሆንልኝም። በስምንት ቀን ውስጥ ሰባት የፍጻሜ ውድድር፣ ሰባት ወርቅ፣ ሰባት የዓለም ክብረ ወሰን እያልኩ ዘረዘርኩለት። 200 ሜትር ቢራቢሮ በ2:00.70፣ 200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1:52.78፣ 100 ሜትር ቢራቢሮ በ54.27፣ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ51.22፣ ከዚያ ሦስት ቅብብል። ልጁ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ አንድ ቁጥር አሳየኝ፦ 1:52.23።

«ይህኛው የሴቶች ነው» አለ።

እውነቱን ነው። አውስትራሊያዊቷ አሪያርን ቲትመስ በ2024 በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ የዋኘችው ሰዓት ነው። ሁለቱን በአንድ ገንዳ ብናስነሳቸው ስፒትዝን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ትቀድመዋለች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ልጁም የራት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ጥሎኝ ሄደ።

ስለዚህ ወደ እናንተ መጣሁ። ሰዓቶቹ ሁሉ ተሰብረዋል፤ የወርቁም ቁጥር በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ በማይክል ፌልፕስ ስምንት ወርቅ ተበልጧል። ለአንድ የ13 ዓመት ዋናተኛ ስፒትዝ ምኑ ነው? ልጁ የጠየቀኝ ይህንን ነበር፤ እኔ የመለስኩለት ሌላ ነው።

---

ስምንት ይበልጣል
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ ልጁ መልሱን ራሱ ነግሮሃል። ስምንት ከሰባት ይበልጣል፤ ይህ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ቁጥሩን ትተን ጥራቱን እንይ ብትለኝም ሚዛኑ ወደ ፌልፕስ ነው የሚያጋድለው። ስፒትዝ በሙኒክ ከ200 ሜትር በላይ አልተወዳደረም፤ በጀርባና በደረት ቀዘፋም አልተፈተነም። ፌልፕስ በቤጂንግ አራቱንም ስልት የሚጠይቀውን ድብልቅ ቀዘፋ በ200ም በ400ም አሸነፈ። በ9 ቀን ውስጥ ማጣሪያውን፣ ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን ጨምሮ 17 ጊዜ ውሃ ገብቷል። በስፒትዝ ዘመን በ200 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከማጣሪያ በቀጥታ ወደ ፍጻሜ ነው።

የድሮ ሰው ስለሆነ ብቻ ቅዱስ አናድርገው።

---

መስመር አራት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:50

በአዲስ አበባ ልጆችን ዋና አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ሒሳቡን ለእናንተ ትቼ ስለ ውሃው ልናገር።

የስፒትዝን የ100 ሜትር ቢራቢሮ ምስል ፈልጋችሁ 50ኛው ሜትር ላይ ሲዞር ብቻ ተመልከቱ። ግድግዳውን በሁለት እጁ ይነካል፣ ይዞራል፣ ይገፋል፣ ወዲያው ብቅ ይላል። ቀዘፋው ያምራል፤ እጆቹ ረጃጅም ናቸው፣ ዳሌው ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ዛሬም ቢሆን ለተማሪዎቼ የማሳየው ነው። ከግድግዳው የተቀበለውን ፍጥነት ግን ውሃው ላይ ወጥቶ ያባክነዋል። ዛሬ የእኔ የ12 ዓመት ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ አስቆመዋለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዋናተኛ በውድድር ውስጥ ከፍተኛ ፍጥነት የሚኖረው ከመነሻው ሲወረወር ነው፤ ቀጥሎ ግድግዳ ሲገፋ። ውሃው ገጽ ላይ ከወጣ በኋላ ማዕበል እየሠራ መሄድ አለበት፤ ማዕበል መሥራት ደግሞ ጉልበት ይበላል። ከገጹ ዝቅ ብሎ ሁለት እግሩን ገጥሞ እንደ ዶልፊን ቢራገጥ ይህ ወጪ ይቀንስለታል። ይህንን ዓለም በደንብ የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ1988 ሴኡል ላይ አሜሪካዊው ዴቪድ በርኮፍ በ100 ሜትር ጀርባ ቀዘፋ የገንዳውን አብዛኛውን ርዝመት፣ 35 ሜትር ያህል፣ ከውሃ በታች እየተራገጠ ሄዶ በማጣሪያው ክብረ ወሰን ሰበረ። በፍጻሜው ግን ያንኑ ዘዴ የያዘው ጃፓናዊው ዳይቺ ሱዙኪ ቀደመው። ዳኞቹ ነገሩ ዋና መሆኑ ቀርቶ ጠለቃ ሊሆን ነው ብለው ገደብ አበጁ። ሩሲያዊው ዴኒስ ፓንክራቶቭ ደግሞ ዘዴውን ወደ ቢራቢሮ አመጣውና በ1996 አትላንታ ሁለት ወርቅ ወሰደበት፤ በ1998 ቢራቢሮውም ነፃ ቀዘፋውም በ15 ሜትር ታጠሩ። አሁን በገመዱ ላይ 15 ሜትር ላይ ምልክት አለ፤ ጭንቅላትህ እዚያ ሳይደርስ ካልወጣ ተሰርዘሃል።

ስለዚህ ዛሬ አሠልጣኞች አምስተኛው ቀዘፋ የሚሉት ይህ ከውሃ በታች የሚሄደው ነው። ስፒትዝ አራቱን ብቻ ያውቅ ነበር፤ አምስተኛውን ማንም አላስተማረውም።

ስለ መነጽሩም አንድ ነገር ልበል። በኦሎምፒክ መነጽር የተለመደው ከ1976 ጀምሮ ነው። ባለፈው ዓመት አምስት ተማሪዎቼን ያለ መነጽር አዋኘኋቸው። ከ300 ሜትር በኋላ ሦስቱ ወጡ፤ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ነበር። አንዷ ግድግዳው የት እንዳለ አልታይ ብሏት ዘግይታ ዞረችና ተረከዟን መታች። የ1972ቱ ትውልድ ግን በዚህ ዓይን ነው በየቀኑ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ልምምድ የሠራው።

---

የነሐሴው አድማጭ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ዋና የማውቀው ጥቂት ነው። የ1972 ነሐሴን ግን አስታውሳለሁ፤ ለእኛ 1964 ዓ.ም. ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክረምቱ ከብዶ፣ የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ፣ ፀሐይ ስለሌለ ድንጋዩን ምድጃ ዳር እያሞቅን ነበር ዜና የምንሰማው። የምንጠብቀው ምሩፅ ይፍጠርንና ማሞ ወልዴን ነው እንጂ ዋናተኛ ማን ይጠብቃል?

ምሩፅ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ነሐሴ 28 ቀን ነው። ላሴ ቪረን ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበት ሩጫ። ኋላ ላይ ነው ያ አሜሪካዊ 100 ሜትሩን የዋኘው በዚያው ቀን መሆኑን ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ ምሩፅ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው አመለጠው፤ እኛ ቤት ለሁለት ቀን ሰው በደንብ አልተነጋገረም። ማሞ በጳጉሜን 5 ማራቶን ሦስተኛ ሆነና ዓመቱን ትንሽ አቀናው።

ስለ ስፒትዝ እናንተ ያላነሳችሁትን ላንሳ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሜክሲኮ ሄዶ ነበር። 18 ዓመቱ ነው። ስድስት ወርቅ አመጣለሁ ብሎ ተናግሯል። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ከእኛ አዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። ለማሞ ወልዴ ያ አየር የቤቱ አየር ነበርና ማራቶኑን ወሰደ። ስፒትዝ ግን በግሉ አንድም ወርቅ አላገኘም፤ የቅብብል ሁለት ወርቅ፣ አንድ ብር፣ አንድ ነሐስ። በ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ደግሞ ስምንተኛ፣ መጨረሻ ወጣ። ያፈረበት ውድድር ይህ ነበር።

ሙኒክ ላይ መጀመሪያ የዋኘው የትኛውን እንደሆነ ተመልከቱ። ያንኑ 200 ሜትር ቢራቢሮ ነው።

---

ገንዳ ዳር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሜክሲኮውን አውቀው ነበር፤ የሙኒኩ ቅደም ተከተል ግን በጭራሽ አልታየኝም። ለልጁ መጀመሪያ ልነግረው የሚገባ ይህንን ነበር።

---

ሳንቲሜትር ቆጣሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 6:20

«ስምንት ይበልጣል» ሰዓትና ቁጥር ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ስለዚህ ሌላ ቁጥር እንመልከት፤ በአሸናፊውና በሁለተኛው መካከል ያለውን ርቀት።

ስፒትዝ በሙኒክ፦ በ200 ቢራቢሮ ከሁለት ሰከንድ በላይ፣ በ100 ቢራቢሮ 1.29 ሰከንድ፣ በ200 ነፃ ወደ አንድ ሰከንድ፣ በ100 ነፃ 0.43። በግል ውድድሮቹ ጠባቡ ልዩነት 0.43 ነው። የፌልፕስ ሰባተኛ ወርቅ፣ በ100 ሜትር ቢራቢሮ፣ ሚሎራድ ቻቪችን የቀደመው በ0.01 ነው። ቻቪች እጁን ዘርግቶ ሲንሸራተት ፌልፕስ አንድ ግማሽ ቀዘፋ ጨምሮ ግድግዳውን መታ። ስምንቱ ሰባት ሆኖ ሊቀር አንድ ጥፍር ያህል ቀርቶት ነበር።

ስለ ሰዓት ከተነሳ ደግሞ ሙኒክ ላይ እንደ ስፒትዝ የማይወራለት ነገር ሆኗል። በ400 ሜትር ድብልቅ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ በመቶኛ ሰከንድ እኩል ወጡ። መሣሪያው ግን እስከ ሺኛ ይቆጥር ነበርና ላርሰን በ0.002 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። በዚያ ፍጥነት ይህ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የገንዳው ግድግዳ ራሱ፣ የሲሚንቶውና የንጣፉ ሥራ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። ማለትም ማኪ የተሸነፈው በላርሰን ይሁን በግንበኛው አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ዋና በመቶኛ ሰከንድ ይቆማል፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ወርቅ ይወስዳሉ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ይህንን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። በዋና ውስጥ የሚለካው ሰውየው ብቻ አይደለም። ገንዳው አለ፣ ማዕበል የሚሰብረው ገመድ አለ፣ ጥልቀቱ አለ፣ ልብሱ አለ። ፓሪስ 2024 ላይ ገንዳው ጥልቀቱ 2.15 ሜትር ብቻ ነው ተብሎ ስንት ወሬ ተወራ! ያም ሆኖ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ እዚያው ውስጥ 100 ሜትርን በ46.40 ዋኝቶ ወሬውን ዘጋው።

ልብሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በ2008 ስፒዶ ኩባንያ በናሳ የነፋስ መሿለኪያ ጨርቅ እያስፈተነ የሠራውን ልብስ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ኩባንያዎች ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ፖሊዩሪቴን ከሚባል ፕላስቲክ የሆነ ልብስ ሠሩ፤ ሰውነትን ጨምቆ ይይዛል፣ ዋናተኛውንም ከፍ አድርጎ ያንሳፍፋል። ሮም 2009 የዓለም ሻምፒዮና ላይ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ፤ በአንድ ሻምፒዮና! ፌልፕስ ራሱ በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በጀርመናዊው ፖል ቢደርማን ተሸነፈ፤ አሠልጣኙም ተቆጣ። ከጥር 2010 ጀምሮ ልብሱ ታገደ፤ ወንዶች ከእምብርት እስከ ጉልበት ብቻ፣ ያውም በጨርቅ። የቢደርማን 1:42.00 ግን አልተሰረዘም፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት ሁሉ እንደ ግንብ ቆሞ ጠበቃቸው።

ስለዚህ የቲትመስን ሰዓት ከስፒትዝ ሰዓት ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ጎን ለጎን የቆሙት ግን ሁለት ሰዎች አይደሉም፤ ሁለት ዘመኖች ናቸው።

---

ስምንት ይበልጣል
እሑድ፣ ከቀኑ 8:00

የልዩነቱን ነገር ጥሩ አድርገህ አመጣኸው፤ ግን ወደ እኔ የሚመለስ ድንጋይ ነው ያነሳኸው። ስፒትዝ በሁለት ሰከንድ ያሸነፈው ተፎካካሪ ስለሌለ ነው! የ200 ሜትር ቢራቢሮው ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ሦስቱም አሜሪካውያን ናቸው። ያኔ አንድ አገር ሦስት ሰው ያስገባል፤ ዛሬ ሁለት ብቻ ነው። በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሁለተኛ የወጣው ስቲቭ ጄንተር ደግሞ ሳንባው ታፍኖ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው ነው፤ በስፌት ነው የዋኘው። እንዲያውም ለእኔ የሙኒክ ጀግና እሱ ነው።

ፌልፕስ በ0.01 ያሸነፈው ዓለም ሁሉ ስለደረሰበት ነው። ያ ጠባብ ልዩነት የስፖርቱ ማደግ ምልክት ነው።

---

ሳንቲሜትር ቆጣሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 8:25

ስለ ጄንተር ተስማምተናል። ሁለት ሰከንዱን ግን አልመልስልህም፤ የቀደማቸው እኮ የዘመኑ ምርጥ የሆኑትን ነው።

---

ሁሉን ዐዋቂ
እሑድ፣ ከቀኑ 9:10

ስለ ፈረንጅ ዋናተኛ ይህን ያህል ስትጨነቁ የራሳችንን ረሳችሁት? ሪዮ 2016፣ 100 ሜትር በ1:04.95፣ ከሁሉም ኋላ። እንደዚያ ዓይነት ሆድ ይዞ…

*[የመድረኩ አስተባባሪ፦ የቀረው ተነስቷል። ስለ ሰው ሰውነት መቀለድ እዚህ አይፈቀድም። ሰዓቱን መወያየት ይቻላል።]*

---

መስመር አራት
እሑድ፣ ከምሽቱ 12:45

እንወያይ እንግዲህ። በ1896 አቴና ላይ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ 100 ሜትር በባሕር ላይ ተካሄደ፤ ውሃው በረዶ ነበር። ሀንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ በ1:22.2 አሸነፈ። በ1912 ስቶክሆልም የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩ በ1:03.4 ወርቅ ወሰደ። ከአንድ ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ጆኒ ዋይዝሙለር ነው፤ በ1922፣ በ58.6። ያ የሳቃችሁበት ኢትዮጵያዊ በካሃናሞኩ ውድድር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከአሸናፊው አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ነበር የሚርቀው።

እዚህ ከተማ ውስጥ 50 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃው የሞቀ፣ ልጅ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚገባበት ገንዳ ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቅ አይደለም። እኔ አንድ መስመር ለአንድ ሰዓት ለማግኘት ከሠርግ ፎቶ አንሺዎች ጋር ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ስለ ካሃናሞኩ ካነሳሁ፣ ስፒትዝ በሁለት ዓመቱ ቤተሰቦቹ ወደ ሆኖሉሉ ወስደውት በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ነው ውሃ የለመደው። ዛሬ የካሃናሞኩ ሐውልት የቆመበት ዳርቻ ነው።

---

እናት ከሜሪላንድ
እሑድ፣ ከሌሊቱ 5:30

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ራሴ ዋና አልችልም፤ ያደግሁበት አገር ወንዝ የሚታወቀው ሰው በመውሰዱ ነው። እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አሁን ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ በሰፈር የበጋ ቡድን ትዋኛለች።

እዚህ የልጆች ውድድር ሲኖር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተጣጣፊ ወንበር ይዘን እንደርሳለን። አንዷ እናት ጥቁር ማርከር ይዛ በእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ላይ የውድድሩን ቁጥር፣ የዙሩንና የመስመሩን ቁጥር ትጽፋለች። የልጄ ክንድ ላይ ሦስት ረድፍ ነበር። ማታ ስታጠብ ጽሑፉ እንዳይለቅ እጇን ከውሃ ውጪ አድርጋ ታጠበች። ለትምህርት ቤት ልታሳይ ነው!

ከዚህ ባልቲሞር ሩቅ አይደለም፤ ፌልፕስ ያደገበት ስለሆነ ስሙ ከአሠልጣኞች አፍ አይጠፋም። የስፒትዝን ስም ግን የሰማሁት ከአንድ አዛውንት ሰዓት ያዥ ነው። የነገሩኝ ስለ ፍጥነቱ አልነበረም፤ ስለ ገንዘብ ነው። ስፒትዝ ከሙኒክ በኋላ በ22 ዓመቱ ዋና አቆመ። ያኔ ኦሎምፒክ የአማተር ነውና አንድ ማስታወቂያ ከሠራህ መወዳደር የለም። ሰባቱን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አድርጎ የተነሳው ፎቶ በየወጣቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ እሱ ግን ወደ ውሃው መመለስ አልቻለም። በውድድሩ መካከል እንኳ ጫማውን በእጁ ይዞ መድረክ ላይ ስለወጣ ማስታወቂያ ሠራህ ተብሎ ተጠርቶ ተጠይቋል፤ ጥፋት አልተገኘበትም። ፌልፕስ ደግሞ የስፒትዝን ሰባት በመድገሙ ብቻ ከስፒዶ 1 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ተሰጠው። አስቡት፤ ጉርሻው የተለካው በስፒትዝ ቁጥር ነው!

ፌልፕስ በአምስት ኦሎምፒክ ተወዳድሮ 23 ወርቅ ሰበሰበ። ስፒትዝ በሁለት ብቻ ነው 9 ወርቅ ያገኘው። በ26 ዓመቱ ሞንትሪያል ላይ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር? እኔ እንደ እናት የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

---

ከሀይፋ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

እህቴ፣ ስለ ልጅሽ ክንድ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

ስፒትዝ እዚህ የሚታወቀው ከሙኒክ በፊት ነው። በ1965 የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ለማካቢያ ጨዋታዎች፣ ማለትም ለአይሁዳውያን ስፖርተኞች ዓለም አቀፍ ውድድር፣ እስራኤል መጥቶ አራት ወርቅ ወስዷል፤ ለእሱ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር ነበር። በ1969ም ተመልሷል። ስለዚህ ስለ ሰባቱ ወርቅ ስናወራ ቀጣዩን ጠዋት መዝለል አልችልም። የመጨረሻውን ወርቁን ያገኘው ሴፕቴምበር 4 ነው፤ ጋሼ እንደሚቆጥሩት ነሐሴ 29። በ30 ሌሊቱ ሳይነጋ ታጣቂዎች የእስራኤል ቡድን ማረፊያ ገቡ፤ 11 ሰዎች ተገደሉ። ስፒትዝ አይሁዳዊ ስለሆነ በጥበቃ ከጀርመን አስወጡት። የመዝጊያውን ሥነ ሥርዓት አላየም።

ዓለም ሁሉ የሚያስታውሰው ደስታ ለእሱ የቆየው አንድ ሌሊት ነው።

---

የነሐሴው አድማጭ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

ያንን ቀን ሬዲዮኑ ሌላ ነገር አላወራም። ልጄ፣ ስላነሳኸው አመሰግንሃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጢሙስ? ዋናተኞች ፀጉራቸውን ሁሉ ይላጫሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ ሰው ለምን ተወው?

---

መስመር አራት
ሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ጋሼ፣ እሱ ራሱ ሲያወራው እንዲህ ነው። ጢሙን ከሙኒክ በፊት ሊላጨው አስቦ ነበር። ልምምድ ላይ አንድ የሶቪየት አሠልጣኝ ጢሙ አያዘገይህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ስፒትዝ ሳያቅማማ እንዲያውም ውሃውን ከአፌ ያርቅልኛል፣ ዳሌዬንም ከፍ ያደርገዋል አለው። በቀጣዩ ዓመት የሶቪየት ወንድ ዋናተኞች ሁሉ ጢም አሳድገው መጡ ይላል። ጨምሮበት ይሁን አይሁን ለእሱ ትቼዋለሁ። ተፎካካሪ አገር ቆሞ ጢምህን እስከሚያጠና ድረስ መብለጥ ግን ቀላል አይደለም።

ስለ አሠልጣኝ ካነሳን፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያሠለጠነው ጄምስ ካውንስልማን ካሜራ ከውሃ በታች አስገብቶ የዋናተኞቹን እጅ የሚቀርጽ ሰው ነበር። ያኔ ሁሉም እጅ ውሃውን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይገፋል ብሎ ያምን ነበር። ካውንስልማን ምስሉን ሲያይ ምርጦቹ እጃቸውን ወደ ጎን እያወዛወዙ ሲጎትቱ አየና፣ እጅ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ኃይል ያመነጫል የሚል ሐሳብ አመጣ። ያ ሐሳብ ኋላ ላይ ተሻሽሏል፤ ዛሬ ክርኑን ከፍ አድርጎ በመዳፍና በክንድ ውሃውን መያዝ ላይ ነው የምናተኩረው። ካሜራው ግን አልወጣም። እኔም የስልክ ካሜራ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ውሃ ውስጥ አስገባለሁ፤ ሁለት ስልክ ሞቶብኛል።

---

ስምንት ይበልጣል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

የስልኩ ነገር አሳቀኝ።

የአሠልጣኝን ነገር ካመጣህ እኔም ልጨምር፤ ስፒትዝን ለማሞገስ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። የፌልፕስ የመጨረሻው የግል ክብረ ወሰን፣ የ400 ሜትር ድብልቁ 4:03.84፣ የተሰበረው በ2023 ፉኩኦካ ላይ ነው። የሰበረው ፈረንሳዊው ሌዮን ማርሻን፣ በ4:02.50። አሠልጣኙ ቦብ ቦውማን፤ ማለትም ፌልፕስን ያሠለጠነው ራሱ ሰውየው! ፌልፕስም እዚያው በቦታው ነበር።

ማርሻን በፓሪስ በአንድ ምሽት 200 ቢራቢሮና 200 ደረት ቀዘፋ አሸነፈ። ስለዚህ እኔም ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ልጅ መጥቶ ፌልፕስ ማን ነበር ይለኛል ማለት ነው። ይህንን ሳስብ ትንሽ ደበረኝ።

---

ገንዳ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ይህንን ሁሉ ለልጁ አነበብኩለት። በጣም የወደደው የጢሙን ነው፤ ቀጥሎ ስምንተኛ የወጣበትን። «ከዚያ በኋላ ያንኑ ውድድር ፈራው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈርቶ ይሆናል አልኩት፤ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋም ላለመግባት አስቦ እንደነበር ነገርኩት። ስድስት አሸንፎ ስድስት መሆን ሰባት ሞክሮ ስድስት ከመሆን ይሻላል የሚል ስሌት ነበረው። ልጁ ይህንን በደንብ ገባው፤ እሱም ባለፈው ወር ከአንድ ውድድር ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀርቷል። እኔ አላነሳሁበትም።

ዛሬ ወደ ገንዳ ሄድን፤ 25 ሜትር የሆነው። ያለ መነጽርና ያለ ቆብ 100 ሜትር ልዋኝ አለ። ሰዓት ያዝኩለት፦ 1:10 ከጥቂት። ሲወጣ ዓይኑን እያሸ «51.22 ላይ የት ነበርኩ?» አለ። በእኩል ፍጥነት ብትሄድ ብለን አሰላነው፤ 73 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሦስተኛው ግድግዳ ሊደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረው። በገንዳው ዳር በእርምጃ ቆጥሮ ሄደና እዚያ ቦታ ላይ አንዱን ነጠላ ጫማውን አስቀመጠ። ትንሽ ቆሞ አየው።

---

ስምንት ይበልጣል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:22

የፌልፕስንስ አልለካችሁም? ቤጂንግ ላይ ቅብብሉን ሲከፍት 47.51 ነው።

---

ገንዳ ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ለካን እንጂ። 68 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፤ ሁለተኛውን ነጠላ ጫማ እዚያ አኖረው። ፓን ዣንሌ ላይ ስንደርስ ጫማ ስላለቀበት የእኔን አወለቀ።